በማዕድ ፊት ስለሚራቡ ወጣቶች

የራብ ታሪክ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን፣ በ1973 ዓ.ም. ወሎን የጐዳው ድርቅ፣ በ1984 ዓ.ም. ደግሞ ዓለምን ሁሉ ያስለቀሰው ችጋር ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን አፍ ሳይጠፋ ሲነገር ይኖራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ራብ ሲባል በዐይነ ልቡናችን የሚታየን ባዶ ጐተራ፣ የደረቀ ማሳ፣ የሞተ በሬ ነው። እህል በማጣት መራብን እናውቃለን፤ እህል እያለ መራብ ግን ወደ ልባችን አይገባም።

ዳሩ ግን ሌላ ዓይነት ራብም አለ። ይህኛው ጐተራው በሞላበት፣ ማዕዱ በቀረበበት፣ እናት «በሞቴ፣ አንድ ጕርሻ!» እያለች በምትለምንበት ቤት ውስጥ የሚገባ ነው። አብዝቶ የሚይዘውም ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት በመሻገር ላይ ያለውን ወጣት ነው። ልጃገረዶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ ወንዶችንም አይምርም። አንዱ ወጣት ምግብን ፈጽሞ ይሸሻል፤ ሌላው በስውር ከልክ በላይ ይበላና ወዲያው ተጸጽቶ የበላውን ከሰውነቱ ለማስወገድ ይታገላል። ሐኪሞች ይህን ሁሉ በአንድነት የአመጋገብ መታወክ ይሉታል። ሕመሙ የሚታየው በገበታ ላይ ነው፤ ሥሩ ግን በአእምሮ ውስጥ ነው። ፍሬውም ኀዘን፣ ፍርሃት፣ ራስን መጥላት፣ አንዳንድ ጊዜም በገዛ ሕይወት ላይ መድፈር ነው።

የዚህን ሕመም ታሪክ የመረመረ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ይኸውም በየዘመኑ የነበሩ ሰዎች የማይበላውን ወጣት አይተው ስም ለመስጠት መቸኰላቸው ነው። አንዱ ዘመን ቅድስና አለው፤ ሌላው ተአምር አለው፤ ሌላው ደግሞ ቅብጠትና እልኸኝነት አለው። ስም በማውጣት ሲደክሙ ልጁን ሳያዩት ቀሩ። የዛሬዎቹ ወላጆችና መምህራን በዚሁ መንገድ እንዳንሄድ ያለፈውን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት፤ ከዚያም ወደ አገራችን፣ ወደ ድሬዳዋ እንመለሳለን።

በአራተኛው መቶ ዓመት በሮማ ከተማ ጳውላ የምትባል ከታላቅ ወገን የተወለደች እመቤት ነበረች። ብሌሲላ የምትባለው ልጇ ባገባች በጥቂት ወራት ውስጥ ባሏ ሞተባት። ከዚያም በብርቱ ንዳድ ታማ ስትድን ዓለምን ንቃ ሊቁ ጀሮም ያስተምረው የነበረውን የምናኔ ኑሮ ተከተለች። ነገር ግን ጾሙና ድካሙ ሰውነቷ ከሚችለው በላይ ሆነባትና በ384 ዓ.ም. በ20 ዓመቷ ገደማ ሞተች። በቀብሯ ቀን የሮማ ሕዝብ «ይህች ልጅ በጾም ተገደለች» እያለ በመነኮሳቱ ላይ አጕረመረመ። ጀሮም ራሱ ለእናቲቱ በጻፈው የማጽናኛ ደብዳቤ ይህን የሕዝብ ማጕረምረም ጠቅሶታል። በሚከተለውም ዓመት ሮማን ለቆ ወጣ።

ከዚያ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቈይቶ በኢጣልያ አገር በሲዬና ከተማ ካተሪና የምትባል ሴት ተነሣች። ከልጅነቷ ጀምራ ምግቧን እያሳነሰች ሄደች። ሰዎች እንድትበላ ቢለምኗትና ቢያዟት አልቻለችም፤ አለመቻሏንም እርሷ ራሷ እንደ ሕመም ትቈጥረው ነበር። ደግ ሥራዋና ምክሯ በዘመኑ የታወቀ ስለ ነበረ ቤተ ክርስቲያኗ በ1461 ዓ.ም. ከቅዱሳን ቈጠረቻት፤ እርሷ ግን በ1380 ዓ.ም. በ33 ዓመቷ ዐርፋ ነበር።

ይህን የምናነሣው የእነዚህን ሴቶች ሃይማኖት ለመንቀፍ አይደለም። ጾም መልካም ነገር መሆኑን ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቃል። ነገር ግን ጾምን ያዘዙት መጻሕፍት ራሳቸው ልክ አበጅተውለታል። በሐዋርያት ስም የሚታወቀው ቀኖና የታወቁትን አጽዋማት የማይጾመውን ሲገሥጽ፣ የሰውነት ድካም ያገደውን ከተግሣጹ ነጻ ያደርገዋል። ቅዱስ ቁርኣንም በአል-በቀራ ምዕራፍ በሽተኛውና መንገደኛው የረመዳንን ጾም በሌላ ቀን እንዲተኩ ይፈቅዳል። እንግዲህ በሽተኛውን ልጅ «ጾመኛ ነው» ብሎ ማመስገን የሃይማኖት ትእዛዝ አይደለም፤ ልክን አለማወቅ ነው።

በ1689 ዓ.ም. ሪቻርድ ሞርተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ሰውነት መመንመን መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን ሰው ሲከሳ ሁሉም የሚጠረጥረው የሳንባ ነቀርሳን ነበር። ሞርተን ግን ትኵሳትም ሳልም ሳይኖርባቸው ከልብ ጭንቀት የተነሣ የመነመኑ ሁለት ወጣቶችን ጠቀሰ። አንደኛዋ የ18 ዓመት ገደማ ልጃገረድ ነበረች። ሌት ተቀን ከመጽሐፍ ላይ አትነሣም ነበር፤ መድኃኒቱንም ሰልችታ ተወችውና ጥቂት ወራት ቈይታ ሞተች። ሁለተኛው የአንድ ቄስ ልጅ የሆነ የ16 ዓመት ወጣት ነበር። ትምህርት አብዝቶና ልቡ ተጨንቆ ምግብ ፈጽሞ አስጠላው። ሞርተን ትምህርቱን ትቶ ወደ ገጠር እንዲወጣ፣ በፈረስ እንዲንሸራሸር፣ ወተት እንዲጠጣ መከረው፤ ልጁም በብዙ ተሻለው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሕመሙ ከጥንት ጀምሮ ወንዱንም ሴቷንም የሚይዝ ነው። ሁለተኛ፣ ያዳነው ምክር የወጣቱን የልብ ሸክም የሚያቃልል ምክር ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የሳራ ጃኮብ ታሪክ ነው። ሳራ በዌልስ አገር የምትኖር የገበሬ ልጅ ነበረች። ታማ ከቈየች በኋላ ወላጆቿ «ከ1867 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም» ብለው አወሩ። ወሬው በጋዜጣ ወጣ። ተአምር ለማየት የሚመጣ ሕዝብ በዛ፤ ልጅቱ እንደ ሙሽራ ተሸልማ ተኝታ ትታይ ነበር፤ ጐብኚዎችም ገንዘብና ስጦታ ያስቀምጡላት ነበር። በ1869 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ነገሩ እውነት መሆኑ እንዲታወቅ ተብሎ ከለንደን አራት አስታማሚዎች መጥተው በቀንና በሌሊት እንዲጠብቋት ተደረገ። የታዘዙትም ምግብ ከጠየቀች እንዳይከለክሏት፣ ሳትጠይቅ ግን እንዳያቀርቡላት ነበር። ልጅቱ እየደከመች ሄደች፤ ወላጆቿ ግን ጥበቃው እንዲቋረጥ አልፈቀዱም። በስምንት ቀን ውስጥ በ12 ዓመቷ ሞተች። ወላጆቿም በ1870 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው ታሰሩ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ትንሽ አልጋ ዙሪያ ማን ማን እንደ ነበረ አስብ። አባትና እናት ነበሩ፤ ተአምር ፈላጊ ሕዝብ ነበረ፤ የጋዜጣ ሰው ነበረ፤ ሐኪምና አስታማሚም ነበሩ። ሁሉም ይመለከቷት ነበር፤ አንዱም ግን «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሷን እስኪሰማ አልጠበቀም።

ሳራ ከሞተች ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1873 ዓ.ም. በፓሪስ ሻርል ላሴግ፣ በለንደንም ዊልያም ገል የሚባሉ ሐኪሞች ስለዚህ ሕመም በየፊናቸው ጻፉ። ገል «አኖሬክሲያ ነርቮሳ» ብሎ የሰየመው ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ላሴግ ደግሞ የቤተ ሰብን ሁኔታ በጥልቅ አየ። ወላጆች ያላቸው መሣሪያ ልመናና ዛቻ ብቻ መሆኑን፣ ሁለቱንም እስኪሰለቹ ከተጠቀሙባቸው በኋላ ልጅቱ የባሰ እንደምትጸና ተናገረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1979 ዓ.ም. ጄራልድ ረስል የሚባል የለንደን ሐኪም ሁለተኛውን መልክ፣ ማለት በስውር አብዝቶ መብላትንና የተበላውን በግድ ማስወገድን፣ «ቡሊሚያ ነርቮሳ» ብሎ ሰየመው። ይህኛው ይበልጥ የተሰወረ ነው፤ ወጣቱ ብዙ ጊዜ ከስቶ ስለማይታይ ቤተ ሰብ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ።

ራብ በአእምሮ ላይ የሚሠራውን ሥራ በግልጥ ያሳየው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ምርምር ነው። አንሴል ኪስ የሚባለው ሊቅ ከ1944 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጀምሮ፣ በሕሊናቸው ምክንያት ጦር ሜዳ ለመውጣት እምቢ ካሉ ሰዎች መካከል 36 ፈቃደኛ ወንዶችን መረጠ። ሁሉም በአካልም በአእምሮም ጤነኞች መሆናቸው አስቀድሞ ተመርምሮ ነበር። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት አድርጎ መልሶ መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ ነበር። ሰዎቹ ለስድስት ወር ያህል ግማሽ ራብ ተራቡ።

የሆነውን ነገር ልብ እንበል። እነዚያ ጤነኞችና ደስተኞች የነበሩ ሰዎች አዘኑ፤ ተቈጡ፤ ከጓደኞቻቸው ተለዩ። አሳባቸው ሁሉ በምግብ ላይ ሆነ፤ የወጥ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ጀመር። አንዳንዶቹ ተደብቀው ይበሉና በጸጸት ይሠቃዩ ነበር። አንዱም በገዛ እጁ ላይ ከባድ ጕዳት አደረሰ። ምግቡ ከተመለሰላቸው በኋላ እንኳ አእምሯቸው ወዲያው አልተመለሰም፤ ለብዙ ወራት አበላላቸው ልኩን አጣ።

ይህ ምርምር ለወላጅ ታላቅ ትምህርት አለው። የማይበላው ልጅ ሲነጫነጭ፣ ሲዋሽ፣ ምግብ ሲደብቅ፣ ከወንድምና ከእኅት ሲርቅ ስናይ «ጠባዩ ተበላሸ» እንላለን። ነገር ግን ከጠባዩ ብዙው የራቡ ሥራ ነው። ኀዘን ወይም ጭንቀት መብላትን ያስተዋል፤ አለመብላት ደግሞ ኀዘኑንና ጭንቀቱን ያብሳል፤ እንዲህ እያለ ወጣቱ እንደ ወፍጮ በሬ በአንድ ስፍራ ይዞራል። ሐኪሞች በእነዚህ ወጣቶች ላይ የመንፈስ ጭንቀትን፣ ብርቱ ፍርሃትን፣ ከራስ ላይ የማይወርድ ክፉ አሳብን፣ ሰውነትን ማቍሰልን፣ ሞትን መመኘትን ደጋግመው አይተዋል። በተለይም አብዝቶ መብላትና ማስወገድ በሚፈራረቁበት ወጣት ላይ መጠጥና ሌላም የሚያሰክር ነገር፣ ችኵልነትና ሳያስቡ አደጋ ውስጥ መግባት ይበዛል። ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ አኖሬክሲያ ነው፤ ከሟቾቹም አንዳንዱን የሚገድለው የልብ መድከም ሲሆን አንዳንዱ በገዛ እጁ ይጠፋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1902 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለ ቸገረው ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋም በዚያ ተቈረቈረች። ሐዲዱ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ድሬዳዋ የባሕሩና የመሐል አገሩ ደጃፍ ሆነች። በደቻቱ አሸዋ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ ሆነው ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና ፈረንሳዩ ጐን ለጐን ኖሩባት። በከፊራ ገበያ የገጠር ሰው እህልና አትክልት ይሸጣል። ስሙን ከሩቅ ምሥራቅ ደሴት የተዋሰው ታይዋን የሚባለው ገበያ ደግሞ ከጅቡቲና ከሶማሌ ጠረፍ በኩል በሚገባው ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ታውቋል። ከሩቅ ከተማ ድረስ ዕቃ ለመግዛት የሚመጣበት ሰው ብዙ ነው።

ንግድ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ድሬዳዋን ያቆማት ንግድ ነው። ነገር ግን ከዕቃ ጋር አሳብም ይገባል። ለምሳሌ በፊጂ ደሴቶች የሆነውን እንመልከት። በዚያ አገር እንደ እኛው ጥንት ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና የክብር ምልክት ነበር። በ1995 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ናድሮጋ ወደሚባለው አውራጃ ገባ። አን ቤከር የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም በዚያው ዓመት፣ ደግሞም በ1998 ዓ.ም. የተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቀች። ስለ ምግብ ያላቸው አሳብ የታወከባቸው ከመቶ 12.7 የነበሩት በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 29.2 ሆኑ። ልጃገረዶቹም በቴሌቪዥን የሚያዩአቸውን ሴቶች ለመምሰል መፈለጋቸውን በአፋቸው ተናገሩ።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ለብዙ ጊዜም የጥቂት ቤቶች ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን ከታይዋን በተገዛ አንድ የእጅ ስልክ የዓለም ቀጫጭን ሥዕል ሁሉ በልጅ ትራስ ሥር ያድራል። በእናቶቻችን ዘመን «ከሳሽሳ፣ ምን ነካሽ?» ማለት የፍቅር ጥያቄ ነበር፤ «አማረብሽ፣ ወፈርሽ» ማለትም ምርቃት ነበር። አሁን ያው «ወፈርሽ» የሚለው ቃል በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ የመሳለቂያ ድንጋይ ሆኗል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የምንመዝንበት ሚዛን ተለወጠ።

በድሬዳዋ ከሥዕሉ ሌላ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እርሱም ጫት ነው። ጫት በምሥራቁ አገራችን የቈየ ቅጠል ነው። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ14ኛው መቶ ዓመት ስሙን ያነሣዋል። ከሐረርጌ ደጋ እየተለቀመ በአወዳይ ገበያ ይሸጣል፤ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮም ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ወደ ኤደን ይጫን ነበር። በ1975 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምርመራ ክፍል ከእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ይህም አምፌታሚን ለሚባለው መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው። አምፌታሚን ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ከ1930ዎቹ ዓመታት በኋላ ለማክሳት ይሰጥ የነበረ፣ ብዙዎችንም ሱስ አስይዞ ያሳበደ ነው። በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም ጫት የቃመ ሰው ራቡ እንደሚቀንስና የጥጋብ ስሜት እንደሚሰማው አረጋግጧል።

የምሥራቁ አገር ሽማግሌዎች ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል። በርጫ የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ ምሳውን በደንብ እንዲበላ የሚያዙት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ምግብን ለመሸሽ ምክንያት የሚፈልግ የታመመ ወጣት ይህን ሥርዐት ገልብጦ ምሳውን ትቶ ወደ በርጫው ቢሄድ፣ ራቡ ተሰወረለት ማለት ነው። ቤተ ሰቡም «ጫት ነው ያከሳው» ይላል፤ ሕመሙም በቅጠል ተሸፍኖ ያድጋል። ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ልብ ይጨነቃል። ያንን ለመስበር ጨብሲ ተብሎ መጠጥ ይከተላል፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ መጠጥ ደግሞ ማስተዋልን ቶሎ ይወስዳል። በ2005 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ20,000 በላይ የኢትዮጵያ ወጣቶች የተጠየቁበት ጥናት ጫትን በየቀኑ መቃምና መጠጥ መጠጣት ጥንቃቄ ከሌለው ግንኙነት ጋር አብረው እንደሚገኙ አሳይቷል። አንዱ አደጋ ሌላውን እየጐተተ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ይህን ስንል ታይዋን ወይም አወዳይ ሕመሙን ፈጠሩት ማለታችን አይደለም። ብሌሲላ ቴሌቪዥን አላየችም፤ ሳራ ጃኮብም ጫት አልቃመችም። የሕመሙ ምክንያት ብዙ ነው፤ ከዘር የሚወረስ አለ፤ ከጠባይ የሚመጣ አለ፤ ከሐዘን፣ ከመደፈር፣ ከመሰደብ፣ ከፈተና ፍርሃትም የሚነሣ አለ። ገበያውና ቅጠሉ የሚያደርጉት ለተደገሰው ሕመም መንገድ መጥረግና ልብስ ማልበስ ነው።

በኛ አገር ሕመሙ የሚሰወርበት ሌላም መጋረጃ አለ። አንደኛው አንድ ላይ መብላታችን ነው። በአንድ ገበታ አምስት ስድስት ሰው ሲቀርብ እጁን እየሰደደ የሚያጐርሰው እንጂ የማይጐርሰው ልጅ አይታወቅም። ሁለተኛው ጾም ነው። በ2004 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ጋና ከ600 በላይ ልጃገረዶች በተመረመሩ ጊዜ አሥሩ ራሳቸውን በራብ የሚጐዱ ሆነው ተገኙ። እነዚህም መወፈርን ፈርተን ነው አላሉም፤ ራስን በመግዛትና በሃይማኖት ጾም ነበር የሚያስረዱት። ጾም በሚከበርበት አገራችንም ይህን ማስተዋል ይገባል። የጤነኛ ጾም ፍቺ አለው፤ በፋሲካ ወይም በዒድ ቀን ከዘመድ ጋር በደስታ ይፈሰካል። የታመመው ልጅ ጾም ግን ፍቺ የለውም፤ በዓሉ ሲደርስ ጭንቀቱ ይብሳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ልመናንና ዛቻን እንተው። ላሴግ ከ150 ዓመት በፊት እንዳየው ሁለቱም አይጠቅሙም። «አገር ተርቦ አንተ እህል ትንቃለህ!» የሚለው ተግሣጽ እውነት ቢመስልም ለታመመ ልጅ በቍስል ላይ የተነሰነሰ በርበሬ ነው፤ ኀፍረቱን ያበዛል እንጂ አፉን አይከፍትም። ስለ ሰውነቱ ውፍረትና ቅጥነት፣ በምስጋናም ሆነ በነቀፋ፣ በቤት ውስጥ ባይነገር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ብቻውን ሆኖ በጸጥታ እንጠይቀው። «ምን ያህል በላህ?» ሳይሆን «ልብህን ምን አስጨነቀው?» እንበለው። መኖር አስጠልቶት እንደ ሆነም በግልጥ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ሰው «እንዲህ ብዬ ብጠይቀው አሳቡን አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል። ሐኪሞች ግን ጥያቄው አሳቡን እንደማይወልድ፣ ይልቁንም ሸክሙን እንደሚያቀልል ያስተምራሉ። እንዲህ ያለ አሳብ እንዳለው ከተናገረ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሦስተኛ፣ እጅግ የከሳውን፣ የሚያዞረውን፣ የሚወድቀውን፣ ልቡ የሚመታበትን ልጅ በቤት በግድ አብልቶ አድነዋለሁ ማለት አደገኛ ነው። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በ70 ዓ.ም. ከተከበበችው ከኢየሩሳሌም በራብ የወጡት ሰዎች እንዳገኙ በልተው መሞታቸውን ጽፏል። ለብዙ ቀን የተራበ ሰውነት በድንገት ሲጠግብ የደሙ ጨውና ማዕድን ተናውጦ ልብ ሊቆም ይችላልና መመገቡ በሐኪም ትእዛዝ ጥቂት በጥቂት ይሁን። በጠበልና በዱዓ መታመን መልካም ነው፤ ነገር ግን ሃይማኖትና ሕክምና አብረው ይሂዱ እንጂ አንዱ የሌላውን መንገድ አይዝጋ። የሃይማኖት አባቶችም ልጁን «ታመሃልና አትጹም» ብለው በሥልጣናቸው ቢያዙት፣ እናት በልቅሶ ያላገኘችውን አንዲት ቃል ሊያስገኙ ይችላሉ።

በመጨረሻ ለወላጆች የሚያጽናና ታሪክ አለ። ዊልያም ገል ዘመዶች የእንዲህ ያለ በሽተኛ ክፉ አስታማሚዎች ናቸው ብሎ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል ብዙ ሐኪሞች ጥፋቱን በእናት ላይ ሲጭኑ ኖሩ። በ1980ዎቹ ዓመታት ግን በለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል ረስልና ባልደረቦቹ ነገሩን ገለበጡት። ወላጆችን ከወቀሳ ነጻ አድርገው በሐኪም ምክር የልጁን አመጋገብ ራሳቸው በትዕግሥት እንዲመሩ አደረጉ። በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ሕመሙ ሳይቈይባቸው በታከሙ ወጣቶች ላይ ይህ መንገድ ከሌላው የተሻለ ሆኖ መገኘቱን አሳየ። ቶሎ የተደረሰለት ልጅ ሊድን ይችላል፤ የሚያድኑትም እጆች ከቤት ውጭ ብቻ የሚፈለጉ አይደሉም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን ሕመም ግን የሚደብቀው በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ እኛም ቅድስና፣ ቅብጠት፣ ጫት፣ ፋሽን እያልን በየስሙ እንደብቀዋለን። ሮማ ብሌሲላን ከቀበረች በኋላ አጕረመረመች፤ ዌልስም ሳራን ከቀበረች በኋላ ችሎት አቆመች። ከቀብር በኋላ የሚመጣ ማስተዋል ለሟቹ አይደርስም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ገበታ ሲቀርብ እያንዳንዱ ወላጅ ከወጡ ይልቅ የልጆቹን ፊት ይመልከት፤ ዝም ብሎ እጁን የሰበሰበ ልጅ ቢያይ አይቈጣው፤ ገበታው ከተነሣ በኋላ ከአጠገቡ ይቀመጥና ይጠይቀው፤ መልሱንም እስኪሰማ ድረስ ይታገሥ።